ከመስመሩ ወዲህ የቀረው ነዋሪ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራንና ክቡራት እንግዶቻችን፣

ከየክልሉ ረጅም መንገድ ተጉዛችሁ ለዚህ ዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በደህና መጣችሁ። የዘንድሮው ርእሳችን የፌዴራል ሥርዓት የአገርን አንድነትና የሕዝቦችን ብዝኃነት አጣጥሞ የሚይዝበት መንገድ ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ እኔ ለብዙ ጊዜ ያሳሰበኝን አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣለሁ። ለአንድ ሕዝብ የራሱን አስተዳደር ለመስጠት የአስተዳደር ወሰን ሲሰመር፣ በወሰኑ ውስጥ የሚኖረው ግን የዚያ ሕዝብ አባል ያልሆነው ነዋሪ ዋስትናው ምንድን ነው?

ከዓመታት በፊት ያስተማርኋት አንዲት ተማሪ ይህን ጥያቄ ከማናችንም በተሻለ አቅርባው ነበር። አባቷና እናቷ ከሁለት ብሔረሰቦች የተወለዱ ሲሆኑ፣ እርሷ ተወልዳ ያደገችው በሦስተኛ ብሔረሰብ ከተማ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ «ብሔር» በሚለው ቦታ ላይ እርሷን ሳይጠይቁ የአባቷን ጻፉላት። በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እኔ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለሁት የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?» አለችኝ። የሰጠኋት መልስ እኔንም አላረካኝም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን ለሕዝቦች የሰጠው መብት ሰፊ ነው። አንቀጽ 39 ራስን በራስ የማስተዳደር መብትን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 46 ክልሎች በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርተው እንደሚዋቀሩ ይናገራል፤ በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወኪል ይኖረዋል። (የወኪሎቹ ብዛት በሕዝብ ቁጥር የሚወሰን ሆኖ ሳለ የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ እወዳለሁ።) ከክልሉ ወጥቶ በሌላ ሕዝብ መካከል ስለሚኖረው ሰው ግን ሕገ መንግሥቱ አጭር ነው። አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት እንዳለው፣ አንቀጽ 38 ያለ ልዩነት የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋሉ። እነዚህ መብቶች በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ምን መልክ እንደሚይዙ የመወሰኑ ሥራ ግን ለክልሎች ሕግና ለአስፈጻሚዎች ቅንነት ተትቷል።

ክልሎቻችን በዚህ ረገድ ምንም አልሠሩም ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በአማራ ክልል የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፤ ልጆቻቸውም በየቋንቋቸው ይማራሉ። በሐረሪ ክልል ከ36ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ ለእነዚህም ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ድምፅ ይሰጣሉ። ይህ ሁለተኛው አሠራር የአንድ ሰው የፖለቲካ መብት በሚኖርበት መሬት ላይ ብቻ መታሰር እንደማይገባው በራሳችን አገር የተገኘ ማስረጃ ስለሆነ፣ እስካሁን ከሰጠነው በላይ ትኩረት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው መፍትሔ በበኩሉ የሚሠራው ተጠጋግቶ ለሚኖር ሕዝብ ነው። በየከተማው ተበታትኖ ለሚኖረው ሰው ዞን ሊቋቋምለት አይችልም።

ሌሎች አገሮችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግለዋል። ሕንድ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ በወጣች ማግስት፣ የአገሪቱን ለሕንድና ለፓኪስታን መከፈል ያየው የጠቅላይ ሚኒስትር ኔሩ መንግሥት በቋንቋ ላይ የተመሠረቱ ክልሎችን ለማቋቋም ፈራ። ፖቲ ስሪራሙሉ የተባለ ታጋይ የደቡብ ሕንድ ቋንቋ ለሆነው ለቴሉጉ ተናጋሪዎች ክልል እንዲሰጥ ጾሞ በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ግን ጥያቄውን ማቆየት አልተቻለም፤ በ1956 የአገሪቱ ካርታ በቋንቋ እንደ አዲስ ተሠራ። እኔን የሚያስገርመኝ ካርታው አይደለም። በዚያው ዓመት ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ክልሎች በመካከላቸው ለሚኖሩ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለማቅረብ እንዲጥሩ ተደነገገ፤ አፈጻጸሙን መርምሮ ለፕሬዚዳንቱ የሚያቀርብ ልዩ ሹምም ተሠየመ። ሕንዶች ወሰኑን ሲያሰምሩ ከወሰኑ ወዲህ የሚቀረውን ሰው በዚያው ብዕር አስበውታል። አፈጻጸሙ ከክልል ክልል ቢለያይም፣ የተበደለው ሰው የሚጠቅሰው አንቀጽ አለው።

ናይጄሪያ በ1960 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ስታገኝ ሦስት ክልሎች ነበሯት፤ ዛሬ 36 ናቸው። ወሰኑ በተከፋፈለ ቁጥር አዲስ አናሳ ተፈጥሯል። በአንድ ክልል ተወልዶ ያደገ ሰው አባቶቹ ከሌላ ስለመጡ ብቻ «ነዋሪ» ይባላል፤ የ«ተወላጅነት» ማስረጃ ካላገኘ ለሥራም ለትምህርትም ይቸገራል። ለእኛ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ስዊዘርላንድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የዩራ ጉዳይ ስለ ትዕግሥት ብዙ ያስተምራል። በበርን ካንቶን (የስዊዘርላንድ ክልሎች ካንቶን ይባላሉ) ውስጥ የነበሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የራሳቸውን ካንቶን ሲጠይቁ፣ በ1974 እና በ1975 እ.ኤ.አ. በቅድሚያ የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ፣ ከዚያ በበርን መቆየትን የመረጡ ወረዳዎች፣ በመጨረሻም በወሰኑ ላይ ያሉ ቀበሌዎች አንድ በአንድ ድምፅ ሰጡ። በ1978 የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ ተጠይቆ ፈቀደ፤ ካንቶኑም በጥር 1979 ተመሠረተ። ሙቲዬ የምትባለው ከተማ ግን በበርን ቀረች። በ2017 ወደ ዩራ ለመሄድ የሰጠችው ድምፅ በአሠራር ጉድለት ተሰረዘ፤ በ2021 እንደገና ተሰጥቶ ጸና። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ክርክር በኋላ፣ የተሸነፈውም ወገን ቆጠራውን ተቀበለ።

ይህን ስናገር የሲዳማ ጉዳይ ትዝ ይለኛል። አንቀጽ 47 አንድ ሕዝብ የራሱን ክልል ለመመሥረት ያነሣው ጥያቄ በጽሑፍ ከቀረበ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደራጅ ያዝዛል። የዞኑ ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጠየቀ፤ ዓመቱ ሞልቶ ሕዝበ ውሳኔው ሳይደራጅ በመቅረቱ በሐምሌ 2011 የሰው ሕይወት ጠፋ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፁ ሲሰጥ ግን ከመቶ 98 በላይ የሆነው መራጭ ክልል መሆንን መረጠ። የአንዲት ቀነ ገደብ አለመከበር ያስከተለውን ኀዘን ያዩ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ፤ ስለዚህ ሥነ ሥርዓትን እንደ ተራ የቢሮ ጉዳይ ማየት እንድንተው ከልቤ እለምናችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ክልሎቻችን አሥራ ሁለት ሆነዋል፤ በእያንዳንዱ አዲስ ክልል ውስጥም ትናንት ያልነበረ አናሳ አለ።

የተከበራችሁ አባላት፣

በእነዚህ ሁለት ቀናት «ብሔር ይቅደም ወይስ ዜግነት» የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንድናቆየውና በሦስት ነገሮች ላይ እንድናተኩር አደራ እላለሁ፦ የክልሎች ሕገ መንግሥታት ስለ ነዋሪው የሚሉትን ጎን ለጎን አድርገን እንድናነብ፣ መብቱ የተነፈገ ነዋሪ አቤት የሚልበትን አካል ለይተን እንድናሳይ፣ ተበታትነው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች የትምህርት ቋንቋ የሚሆን ሐሳብ እንድናዘጋጅ። ያቺ ተማሪ ዛሬ እርሷም መምህርት ሆና በዚህ አዳራሽ ተቀምጣለች፤ የዚህን የሦስተኛውን ጉዳይ ጥናት የምታቀርበውም እርሷ ናት።

የመጀመሪያውን ውይይት የሚመሩት ባልደረባችን መድረኩን እንዲረከቡኝ በአክብሮት እየጋበዝሁ፣ ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።

አመሰግናለሁ።