ግመል ተከልክሎ ነዳጅ ለምን ተፈቀደ? የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቲዎሪዎችን በአንድ ዝርዝር ማጥናት

[በስክሪኑ ላይ፦ የዕቃዎች ዝርዝር። «ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ግመል» የሚለው መስመር ጎልቶ ይወጣል።]

ይህ ዝርዝር የ1928 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ጣሊያን መስከረም 22 ቀን ኢትዮጵያን ወረረች። መቀመጫው ጄኔቫ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር፣ የዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ቀዳሚ፣ ቃል ኪዳን አፍራሽ ናት ብሎ ፈረደባትና ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮ ማዕቀብ ጣለባት። ወደ ጣሊያን እንዳይላኩ ከተከለከሉት መካከል ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል አሉበት። ጎማም አለ፤ አሉሚኒየምም አለ። ነዳጅ ግን የለም። የድንጋይ ከሰልም የለም። አገራችንን በቦምብና በመርዝ ጋዝ የደበደቡት አውሮፕላኖች የሚበሩት በነዳጅ ነበር፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ።

ግመል ተከልክሎ ነዳጅ ለምን ተፈቀደ?

ይህን ጥያቄ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ብዙዎቻችን ቲዎሪዎችን የምናጠናው እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነው። ሪያሊዝም ሲባል ሞርገንታውና ዎልትዝ የሚሉ የምሁራን ስሞች፣ ኃይል፤ ሊበራሊዝም ሲባል ተቋማትና ትብብር፤ ኮንስትራክቲቪዝም ሲባል ዌንት፣ ማንነት። እኔም እንዲሁ ሸምድጄ ተፈትኛለሁ፤ ከፈተናው በኋላ የቀረልኝ ስም ብቻ ነበር። ቲዎሪ የሚገባን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ፊቱ ስናስቀምጥለት ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የአውሮፓ ካርታ፤ ጀርመን ደምቃ ትታያለች።]

ዝርዝሩን ለሪያሊስት እንስጠው። ሪያሊስት ከመንግሥታት በላይ ዳኛ የለም ብሎ ይነሳል፤ ስለዚህ ዓይኑ ጄኔቫ ላይ አይቆይም፣ በርሊን ላይ ያርፋል። ሂትለር ጦሩን እያደራጀ ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በሚያዝያ 1927 ዓ.ም. ስትሬዛ ላይ ተገናኝተው ጀርመንን በጋራ ለመግታት ተስማምተዋል። ለንደንና ፓሪስ ሙሶሊኒን መቅጣት ነበረባቸው፤ እንዳያጡትም ፈሩ። ግመሉ የቅጣቱ ማሳያ ሆነ፤ ነዳጁ ለወዳጅነቱ ተተወ። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ቲዎሪዎች ነዳጁን በተሻለ የሚያስረዳው ይህ ይመስለኛል፤ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ መራር ቢሆንም።

አሁን ወደ ጽሑፍ እንሂድ። ነጥብ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

[በስክሪኑ ላይ፦ «ሪያሊዝም መንግሥታት ኃይል ይፈልጋሉ ይላል። ስለዚህ ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች።»]

ስሕተት የለበትም። ግን ጣሊያንና ኢትዮጵያ የሚሉትን ስሞች አውጥታችሁ የፈለጋችሁትን ጦርነት ብትተኩበት ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው። ለሁሉም የሚሆን ማብራሪያ ለአንዱም አይሆንም። እንዲህ ብንለውጠውስ?

[በስክሪኑ ላይ፦ «ነዳጅ ከማዕቀቡ የቀረው በዋናነት እንግሊዝና ፈረንሳይ ጣሊያንን በጀርመን ላይ አጋር አድርገው ማቆየት ስለፈለጉ ነው፤ የስትሬዛው ስምምነት ለዚህ ፍላጎት ማስረጃ ነው።»]

አሁን መከራከሪያ አለን። «ለምን» ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ ማስረጃውን ይጠራል፤ ከሁሉም በላይ ሊሸነፍ ይችላል። ማንም ሊያፈርሰው የማይችል ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ምንም አልተናገራችሁም ማለት ነው።

እንግዲህ ራሳችሁ አፍርሱት። ተቋማት፣ ትብብርና የሕዝብ ድምፅ ለውጥ ያመጣሉ የሚለውን ሊበራል ጥሩት። እርሱ አንደኛ፣ ትልቋ ነዳጅ አምራች አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበረችም ይላችኋል፤ ሌሎቹ ቢያቆሙ እርሷ ብትሸጥስ? የተቋሙ ቀዳዳ ይህ ነበር። ሁለተኛው ለሪያሊስቱ የበለጠ ይከብዳል። በኅዳር መጨረሻ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ለጣሊያን የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር አዘጋጁ። ዕቅዱ በፈረንሳይ ጋዜጦች ወጣ፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። የኃይል ሚዛን ብቻውን ሁሉን የሚወስን ከሆነ አንድ ሚኒስትር በሕዝብ ቁጣ ለምን ይወድቃል?

ይህን አንቀጽ ከጽሑፋችሁ አታስቀሩ። መምህር ሲያርም ተማሪው አስቦ እንደሆነ የሚያየው እዚህ ነው።

መንግሥታት ለራሳቸውና ለሌላው የሚሰጡት ማንነት ድርጊታቸውን ይቀርጻል የሚለው ኮንስትራክቲቪስት ደግሞ ቀኑን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ የገባችውም ባርነትን በተመለከተ ግዴታ ገብታ ነበር። ጣሊያን ከወረራው ጥቂት ሳምንታት በፊት ለማኅበሩ ባቀረበችው ሰነድ ይህንኑ መዝዛ ኢትዮጵያ ከሠለጠኑ አገሮች ጋር እኩል ልትቀመጥ አይገባትም አለች። «የሠለጠነ» የሚለው ቃል እንደ መድፍ አገለገለ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ተነሣ።

ስለ ንባብ አንድ ነገር ብቻ ልበል። አንድ ምዕራፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉና ጸሐፊው ከማን ጋር እየተከራከረ እንደሆነ በራሳችሁ ቃላት፣ በሁለት መስመር ጻፉ። ካቃታችሁ እንደገና ክፈቱት። ስታስቡት በቀለም እያሰመሩ ከማንበብ ይልቅ የሚያደክም ይመስላል፤ የኋላ ኋላ ግን ጊዜ የሚቆጥበው እርሱ ነው። የገጹን ቁጥርም ያኔውኑ መዝግቡ።

[በስክሪኑ ላይ፦ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አደባባይ፤ ታክሲዎችና የሚሻገሩ ሰዎች።]

የቤት ሥራችሁ ከዚህ ይጀምራል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ውለው አድረው ለጣሊያን ግዛት እውቅና ሰጡ። ከውቅያኖስ ማዶ ያለችው ሜክሲኮ አልሰጠችም። ጦር አልነበራትም የምትልክልን፤ ከእኛ የምታገኘው ነዳጅም ሆነ ወደብ አልነበረም። አደባባዩ ስሟን የያዘው ለዚህ ነው፤ በሜክሲኮ ሲቲም የኢትዮጵያን ስም የያዘ የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። ሜክሲኮ ለምን እንዲህ አደረገች? አንድ ቲዎሪ ምረጡ፣ በአንድ ገጽ መልሱ፣ በሁለተኛው ገጽ ራሳችሁን ተከራከሩ።