የታይሮይድ ክኒንና የጠዋት ቡና፦ ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ፦ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞንን የሚተካ ክኒን) 75 ማይክሮግራም መውሰድ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። ቲ.ኤስ.ኤች. (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ልክ) ግን 9 ላይ ቆሞ አልወርድ ብሏል፤ ድካሙም አልለቀቀኝም። ክኒኑን የምውጠው ጠዋት በቡና ነው። መጠኑ ይጨመርልኝ?

መልስ፦ እህታችን፣ መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ቡናው ይራቅ። ቡና አንጀት መድኃኒቱን በሚገባ እንዳይመጥ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጣሊያን ጥናት የመረመረው ልክ እንደ እርስዎ ክኒኑን በቡና የሚውጡ ሰዎችን ነው፤ በውሃ ሲውጡት ወደ ደም የሚገባው ከፍ ብሏል። እንደተነሱ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይዋጡት፤ ቡናም ፉልም ከ60 ደቂቃ በኋላ ይሁን። ክኒኑን ውጠው ቡናውን ማጠብና መቁላት ቢጀምሩ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ሰዓቱ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

የቡናውን ነገር ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሳይነግሩ መጠኑ ቢጨመርና በኋላ ቡናውን ቢያርቁ መድኃኒቱ ይበዛብዎታል፦ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሲቆይ አጥንት ይሳሳል። ደምዎን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተው ይመርመሩ። ከሆርሞኑ ግማሹ ከደም ለመውጣት 7 ቀን ያህል ስለሚፈጅ አዲሱ ልክ ቶሎ አይረጋም።

የድሬዳዋም ሙቀት አለ። ክኒኑ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ ይፈልጋል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር መደርደሪያና ከመኪና ውስጥ ያርቁት፣ ከማሸጊያውም አስቀድመው አያውጡት።

ጥያቄ፣ ከሐረር፦ ይህንኑ ክኒን እየወሰድኩ አረገዝኩ። ላቁም?

መልስ፦ በፍጹም እንዳያቆሙ! ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው በእርስዎ ሆርሞን ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨመራል፤ በሳምንት 7 የነበረው ክኒን 9 ይሆናል እንደማለት ነው። ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በእርግዝና ክትትል የሚሰጥዎትን የአይረንና የካልሲየም ክኒን ከዚህኛው በ4 ሰዓት ያራርቁ።

ጥያቄ፣ ከሐረር ጁገል፦ እናቴ እንቅርት አለባት። አዮዲን ያለው ጨው ብታበዛ ይጠፋል?

መልስ፦ ጨው ማብዛት የደም ግፊት ያመጣል እንጂ ለእንቅርት አይበጅም። አዮዲን ያለው ጨው እንቅርት እንዳይወጣ ይከላከላል፤ የቆየውን ግን እምብዛም አያሟሽሽም። ለአዋቂ በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም አዮዲን ነው። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጣችሁ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት፤ እሳትና እርጥበት አዮዲኑን ያባክኑታል። እናትዎ ቲ.ኤስ.ኤች. እና የአንገት አልትራሳውንድ ይታዩ። እብጠቱ ቶሎ ካደገ፣ ከጠጠረ፣ ድምፃቸው ከሻከረ ወይም ምግብ መዋጥና መተንፈስ ካስቸገራቸው ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሷቸው።