የ41 ዓመቱ ማሙሽ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ሁለት ሳምንት ጠፍቻለሁ፣ ይቅርታ። ሰበቤ ብዙ ነው። መብራትም አለበት፣ የቤት ኪራይ ጭቅጭቅም አለበት፣ እውነቱን ልናገርና ስንፍናም አለበት። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል፣ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፣ ችላ በሉት።

አዲስ ለሆናችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ የመማሪያ ማዕከል አለን። ግቢው የኪራይ ነው። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆችም አዋቂዎችም ይማሩበታል። ሦስቱም ከልጅነት ጀምሮ የአእምሮን ዕድገት ወይም የሰውነት እንቅስቃሴን የሚነኩ ናቸው። ስለ ልጆቹ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ። ዛሬ ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው። ስሙን አልነግራችሁም። ሰፈሩ «ማሙሽ» ነው የሚለው፣ እኛም «ማሙሽ» ስንለው ኖረናል። ማሙሽ 41 ዓመቱ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል።

ባለፈው ክረምት አዲስ ጥበቃ ቀጠርን። ከገጠር የመጣ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሥራ በጀመረበት ጠዋት ማሙሽ ከእናቱ ጋር ከታክሲ ወርዶ በሩ ላይ ደረሰ። ጥበቃው ብድግ አለና ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» አለው። ማሙሽ ቆመ። ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ። ማን ሰላም እንደተባለ እየፈለገ ነው። ከኋላው ማንም የለም።

እኔ ደረጃው ላይ ቡናዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ።

እስቲ አስቡት፣ እኛ እኮ በአንቱታ የማንቀልድ ሰዎች ነን። ሽበት ያየ የሰፈር ልጅ ኳሱ ሲያመልጠው «ጋሼ ያቀብሉን» ይላል፣ ባንክ ስትገባ እርስዎ ትባላለህ፣ ወያላው እንኳን ሲፈልግ ጨዋ ይሆናል። እዚህ ሰውዬ ላይ ግን ይሄ ሁሉ ሥርዓት አንድም ቀን አርፎ አያውቅም። ያረፈበት አንድ የማያውቀው ልጅ ሲመጣ ነው። የሚያውቀው ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ማሙሽ እያለ ጉንጩን ይነካል።

ይሄ ደግሞ እኔ ላይ የባሰ ነው። ለምን? እንጀራዬ ነዋ። ረጂዎች ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ልጆች አሏችሁ?» የሚል ነው። ልጅ ፎቶ ላይ ያምራል። ጢሙ ያደገ ሰውዬ ዶቃ ሲሰካ ያነሳችሁትን ፎቶ ማንም የቀን መቁጠሪያ ላይ አያትመውም። ስለዚህ ሪፖርት ላይ አዋቂዎቹን ከልጆቹ ጋር ደምሬ «ልጆች» እያልኩ እጽፍ ነበር። ውሸት አልመሰለኝም። «ለእኛ እኮ ሁሉም ልጆቻችን ናቸው» እል ነበር፣ ያውም በፍቅር።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ እዚህ አገር ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ የእናት ኃጢአት ነው ይባላል፣ ልጁ ጓዳ ተቆልፎበት ይውላል። እሳቸው አደባባይ ወጥተው «ልጄ ነው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ነው ያረፉት። እንግዲህ ቁጠሩት። ያኔ አምስትና ስድስት ዓመት የነበሩት ልጆች ዛሬ ሠላሳ ሊሞላቸው ነው። እኛ ግን አሁንም የዳክዬና የፖም ሥዕል ነው የምናዛምዳቸው።

ማሙሽ ወደ እኛ ሲመጣ እጁን ራሱ ታጥቦ አያውቅም ነበር። እናቱ በጆግ እያፈሰሱ ያጥቡታል። እጅ መታጠብን ስናስተምር ሥራውን እንበታትነዋለን፣ ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ሳሙና፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መዝጋት፣ ማድረቅ። ከዚያ ከመጨረሻው እንጀምራለን። ሌላውን ሁሉ እኛ እንሠራለትና ፎጣውን ብቻ ለእሱ እንተዋለን፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ጨርሶ ነው የሚሄደው፣ «ቻልኩ» ብሎ። እሱን ሲለምድ ቧንቧ መዝጋቱን እንጨምራለን፣ እንዲህ እያልን ወደ ኋላ። ወራት ፈጀብን ግን ቻለ። በደስታ ለእናቱ ደወልን። ቤታቸው ግን ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሰውዬው የደረቀ ቧንቧ ከፍቶ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ አመሸ! ጥፋቱ የእኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም በቧንቧ ብቻ አናስተምርም፣ በጆግም እናስተምራለን።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የዚያን ዕለት አስተማሪዎቹን ሰበሰብኩና ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ በስሙ ይጠራል አልኩ፣ የምታንሱት ደግሞ ጋሼና እትዬ ትላላችሁ። እኔ በአራት ዓመት ስለምበልጠው አንተ ብለው ነውር የለውም፣ ማሙሽ ግን ቀረ። አንዳንዶቹ ሳቁ። አንዷ «ቲቸር፣ አይገባውም እኮ» አለችኝ። ወደ ኋላው ሲዞር ስላላየችው ነው።

ያልጠበቅኩት እናቱን ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ነው። ከልጆቹ አስተማሪዎች አንዱ እሳቸው ፊት «ጋሼ፣ ይግቡ» ሲለው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው እኔ ጋ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄን አታስረጁብኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ማክበራችን ነው እኮ» አልኩ።

«አውቃለሁ። እሱ ካረጀ ግን እኔ ምን ልባል ነው?»

ምንም አልመለስኩላቸውም። ምን እላለሁ? እኔ ሳልፍ የት ይገባል ማለታቸው ነው። ሁሉም እናቶች አንድ ቀን ይጠይቁኛል፣ ብዙዎቹ እንዲህ ዞር አድርገው። የማሳያቸው ቤት የለኝም። ማታ የምንዘጋ ማዕከል ነን።

ሥራ ነው መፍትሔው ይባላል። እሺ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 568/2000። ቀጣሪው ሥራውን ለሰውዬው ማመቻቸት እንዳለበት ይናገራል። አትሜ ይዤው ዞሬያለሁ። አንድ ቢሮ ውስጥ «እግሩ ቢሆን፣ ዓይኑ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ እንዲህ ዓይነቱ ግን…» ተባልኩ። ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርስልኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ ቆሎ ጀመርን። ዳክዬና ፖሙን አንስተን ሚዛን ገዛን። ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ እንቆላለን፣ በትንንሽ ላስቲክ 100 100 ግራም እናሽጋለን፣ አንዱ 50 ብር ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው ጋሼ ነው። ብታዩት! 101 ካለ ሁለት ፍሬ ሽምብራ ያነሳል፣ ያያል፣ አንዱን ይመልሳል። አስተማሪዋ «ይበቃል ጋሼ» ትለዋለች። አይበቃም። በሰዓት ስንት አሸገ ካላችሁኝ ትንሽ ነው። የጎደለ ግን ሸጠን አናውቅም።

ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ጠረጴዛ አውጥተን ስንሸጥ አንድ መኪና ቆመ። ሰውዬው በመስኮት 100 ብር ሰጠው። ጋሼ ሁለት ላስቲክ አነሳ። «ቆሎውን ተወው፣ ማሙሽ፣ አንተ ብላው» አለና መስኮቱን ዘጋ። መቼም ደግ ሰው ነው፣ ጽድቅ ፈልጎ ነው። መኪናው ተነሳ። ጋሼ ሁለቱን ላስቲክ ይዞ ተከተለው። መሮጥ አይወድም፣ ልቡም ደህና አይደለም፣ ጥበቃው ደግሞ ከኋላው «ጋሼ፣ ኧረ ይመለሱ!» እያለ። አስፋልቱ ድረስ ሄደ።

ሲመለስ አልቦታል። ላስቲኮቹን ሚዛን ላይ አስቀመጠ። 100። ሁለተኛውም 100። ብሩን ሳጥኑ ውስጥ ልከተው ስል እጄን ያዘኝ። «አልወሰደም» አለ።

ሒሳብ ሠራተኛችን «ልገሳ ብለሽ ጻፊው፣ አለቀ» ትለኛለች። ብሩ እስከ ዛሬ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ከማይኩ አጠገብ። ጋሼ በየጠዋቱ መጥቶ ያየዋል። ሁለቱ ላስቲኮችም መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ ሰማያዊ መኪና የሚነዳ ሰው ከመጣ ይሰጠው ብሏል።