የድብን ካርታ ስናስተምር

ክቡራትና ክቡራን የሥነ ሕይወትና የጂኦግራፊ መምህራን፣

ተማሪዎችን ድብ የሚኖርበትን አገር በዓለም ካርታ ላይ እንዲቀቡ ስናዝዝ፣ ብዙዎቹ አንታርክቲካን ይቀባሉ፤ ደቡብ አሜሪካን ደግሞ ባዶ ይተዋሉ። ነጭ ድብ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ እንጂ በደቡቡ የለም፤ ከፔንግዊን ጋር አብሮ የሚሣልበት ሥዕል ሁሉ ስሕተት ነው። ደቡብ አሜሪካ ግን የራሷ ድብ አላት፤ በዓይኖቹ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ያለው ባለመነጽሩ ድብ ከቬኔዙዌላ እስከ ቦሊቪያ በአንዲስ ተራሮች ይኖራል። በአውስትራሊያ ድብ የለም። ኮዋላ ልጁን በከረጢቱ የሚያሳድግ ሌላ እንስሳ ነው።

ስለ አፍሪካ ስናስተምር ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ዛሬ በዱር የሚኖር ድብ የለም፤ «ኖሮም አያውቅም» ማለት ግን ሐሰት ነው። በሞሮኮና በአልጄሪያ የአትላስ ተራሮች ቡናማ ድብ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ነበር። በደቡብ አፍሪካ ላንገባንቬግ በተባለ ስፍራም 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የድብ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። ስለዚህ የጠፋበትን ቦታ በነጠብጣብ፣ ያለበትን በሙሉ ቀለም እናሳይ።

ዛሬ ያሉት 8 ዝርያዎች በአንድ ቀለም ከተቀቡ ካርታው ያሳስታል። ካሊፎርኒያን ውሰዱ፤ በባንዲራዋ ላይ ያለው ግሪዝሊ፣ ማለትም ቡናማው ድብ፣ እዚያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1924 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አሁን ያለው ጥቁሩ ድብ ብቻ ነው።

ምግቡን ካላወቅን ደግሞ ድንበሩ አይገባንም። የሕንድ፣ የኔፓልና የስሪላንካ ስሎዝ ድብ ከላይኛው መንጋጋው ሁለት የፊት ጥርሶች ይጎድሉታል፤ ኩይሳውን በጥፍሩ ንዶ አቧራውን እፍ ካለ በኋላ በዚያ ክፍተት ምስጡን ይመጥጣል። ፓንዳ የቀርከሃ ጥገኛ ስለሆነ በቻይና ሲቹዋን፣ ሻአንሺ (Shaanxi) እና ጋንሱ ተራሮች ብቻ ተወስኗል፤ ሦስቱን ክፍለ ሀገራት ሙሉ በሙሉ መቀባት ግን ማጋነን ነው፤ ደኖቹ የተቆራረጡ ናቸውና ነጥብ ነጥብ ማድረግ ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ነጩ ድብ ነው፤ የሚያድንበት መሬት በረዶ ነውና ድንበሩ ከወቅት ጋር ይንቀሳቀሳል። በካናዳ ሃድሰን የባሕር ወሽመጥ በረዶው በበጋ ሲቀልጥ ድቡ ወደ የብስ ይወጣል፤ ባሕሩ ዳግም በረዶ እስኪሆን፣ እስከ ኅዳር ድረስ፣ ባብዛኛው የሚኖረው ባከማቸው ስብ ነው። ለእርሱ አንድ ካርታ አይበቃም፤ የክረምቱንና የበጋውን ለየብቻ እንሣል።