ታርጋው ሌላ፣ ሻንሲው ሌላ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወጋችን አውሮፕላን ማየት ነው። መሳፈር አላልኩም፣ ማየት። ቆሞ አይቶ፣ ዓይነቱን ለይቶ፣ ከዚያ ደግሞ «ይሄ አውሮፕላን ከየት መጣ? ከዚህ በፊት የማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ።

ቦታችን ባህር ዳር ይሁን። ቦሌ ላይ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል፣ ዓይን ይደክማል። ባህር ዳር ግን በቀን የሚያርፉት ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዱን ረጋ ብሎ ማየት ይቻላል። ስለ ካሜራ አጭር ልሁን፤ የኤርፖርት አጥር ተጠግቶ ሌንስ መደቀን ጣጣ አለው፣ ባህር ዳር ደግሞ ግቢውን ከአየር ኃይል ጋር ስለሚጋራ ይብሳል። ፈቃድ ከሌላችሁ ተዉት። ዓይን፣ ጆሮና ትንሽ ደብተር ይበቃል። ተሳፋሪ ሆናችሁ ወደ አውሮፕላኑ በእግር ስትሄዱ የምታዩት ራሱ ብዙ ነው።

ፕሮፔለር ያለው መጣ እንበል። ክንፉ ከላይ፣ ጅራቱ የቲ ቅርጽ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኪው400 እና ኤቲአር 72 ይምታቱበታል። ፕሮፔለር መቁጠር አያዋጣም፣ አዲሱ ኤቲአርም እንደ ኪው400 ስድስት ምላጭ አለው። እግሩን እዩ፣ ጎማውን የተሸከመውን ማለቴ ነው። የኪው400 እግር ከሞተሩ ስር የሚወርድ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ሲታጠፍ ወደ ኋላ ሞተሩ ቤት ውስጥ ይገባል። የኤቲአር እግር አጭር ሆኖ ከሆዱ ጎን ካበጠው ክፍል ይወጣል። የኪው400 ተሳፋሪ ከፊት በኩል በሩ ራሱ ደረጃ ሆኖ ሲወርድለት ይሳፈራል፤ ኤቲአር ላይ ከኋላ ነው። ርዝመታቸውም 32.8 ሜትር እና 27.2 ሜትር ነው፣ ጎን ለጎን ቢቆሙ ልዩነቱ አይደበቅም። ሌላ ምልክት ደግሞ አለ፤ ቆሞ ሳለ አንድ ሞተር እየሠራ ፕሮፔለሩ ግን ካልዞረ ኤቲአር ነው። በፍሬን ያዝ አድርጎ ሞተሩን እንደ ጄነሬተር ይጠቀምበታል። ኪው400 ለዚያ ሥራ ጅራቱ ውስጥ ትንሽ ሞተር አለው።

ያ ረጅም እግር የራሱ ታሪክ አለው። በመስከረም 2007፣ ወሩንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምለው፣ የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስኤኤስ ሁለት ኪው400ዎች በሦስት ቀን ልዩነት ሲያርፉ እግራቸው እየታጠፈ ወደቁ፣ አንዱ ኦልቦርግ ሌላው ቪልኒየስ። ምክንያቱ እግሩን የሚዘረጋውና የሚያጥፈው ዘንግ ጫፍ ላይ ጥርሱ ዝጎ መበላቱ ነበር። በጥቅምት ሦስተኛው ኮፐንሃገን ላይ ተደገመ፣ የዚህኛው ግን ምክንያቱ ዝገት አልነበረም፤ ከቦታው የወጣ የጎማ ቀለበት የዘይቱን መተላለፊያ ዘግቶት ነው። ኤስኤኤስ ግን ምርመራውን አልጠበቀም፣ አይነቱን በሙሉ ከሥራ አወጣ። አንድ አይነት ውጤት ማለት አንድ አይነት ምክንያት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ያውቀዋል፣ ታርጋ ይቀየራል፣ ቀለም ይቀየራል፣ ሻንሲ ቁጥር ግን ያው ነው። አውሮፕላንም እንዲሁ፣ ሻንሲው ፋብሪካው የሰጠው ተከታታይ ቁጥር ነው። ከኋላ በኩል ገላው ላይ የምታነቡት፣ በኢቲ የሚጀምረው፣ ታርጋው ነው። ኢቲ የኢትዮጵያ ነው፣ ቀጥሎ ሦስት ፊደል አለ። ፊደሎቹ በአብዛኛው በምዝገባ ተራ ስለሚሄዱ ዘመን ይነግራሉ። ከሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኤጄ ከሆኑ 1980ዎቹ መጨረሻ፣ ኤኦ ከሆኑ 2012 አካባቢ፤ የመጀመሪያው ኤርባስ ኤ350 ኢቲ-ኤቲኪው በ2016 ነው የገባው።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ፊደሉ የሚነግራችሁ አውሮፕላኑ ኢትዮጵያ የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ የተወለደበትን አይደለም። በኤኤን የሚጀምሩ ሁለት ልጥቀስ። ኢቲ-ኤኤንኤን በ2010 በቀጥታ ከፋብሪካ የመጣ ቦይንግ 777 ነው። ኢቲ-ኤኤንቢ የተመዘገበው በ2009 ነው፣ ግን የተሠራው በ2002 ለአየርላንዱ አየር መንገድ ለራያንኤር ነበር፣ አየርላንድ ላይ ኢአይ-ሲኤስደብሊው ይባል ነበር። የሻንሲ ቁጥሩ 29935 በሁለቱም አገር ያው ነው። በጥር 2010 ከቤይሩት ተነስቶ ባሕር ላይ የወደቀው፣ 90 ሰው ያለቀበት፣ እሱ ነው።

ቦይንግ ላይ ደግሞ ሰነድ ሳታገላብጡ የምታውቁበት መንገድ ነበር። ፋብሪካው ለመጀመሪያ ደንበኛው ኮድ ይሰጥ ነበር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 60 ነው። በ1962 የገቡት የመጀመሪያዎቹ ጄቶች 720-060ቢ ናቸው፣ ኢቲ-ኤኤንኤን 777-260ኤልአር ነው። ኢቲ-ኤኤንቢ ግን 737-8ኤኤስ ነበር፤ ኤኤስ ራያንኤር ነው። ቤት ቢቀይርም የመጀመሪያ ባለቤቱ ኮድ አይለቀውም። ያሳዝናል፣ ቦይንግ ይህን በ2016 አቆመው፣ 787 እና 737 ማክስም ላይ ከጅምሩም የለም። ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው።

60 ያለበት ሁሉ ዕድሜው ረዘመ ማለት ግን አይደለም። ኢቲ-ኤጄኤ 737-260 ነበር፣ በ1987 አዲስ የመጣ። በመስከረም 15 ቀን 1988፣ አሁንም በፈረንጅ፣ ከባህር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ከዱ፣ በሆዱ አረፈና ተቃጠለ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ባህር ዳር ከባህር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ አየሩ እዚያ ከባህር ጠረፍ በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አውሮፕላን ከመሬት ለመነሳት ረዘም አድርጎ፣ ፈጠን ብሎ መንደርደር አለበት። ማኮብኮቢያ ዳር የተደፋ እህል ወይም ቆሻሻ ወፍ ይጠራል፣ ስታዩ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት።

በተቃራኒው ደግሞ «አለቀለት» የተባለ የሚነሳበት ጊዜ አለ። ኢቲ-ኤኦፒ፣ 787፣ በሐምሌ 2013 ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ቆሞ ሳለ ጣሪያው ከኋላ በኩል ነደደ። ተሳፋሪ አልነበረበትም። የአደጋ ጊዜ መጠቆሚያ ሬዲዮው ባትሪ ሽቦ በክዳኑ ስር ተጨፍልቆ ነው የጀመረው። በዚያው ዓመት ታህሳስ ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመለሰ። ቀለሙን አይታችሁ ምንም አታውቁም፣ ታርጋውን ያነበበ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ስልክ ላይ በፍላይትራዳር24 የምትከታተሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። አውሮፕላኑ የሚልከው ታርጋውን ሳይሆን ለአገሩ ከተመደበው ድርሻ የተሰጠውን የራሱን ኮድ ነው፣ የኢትዮጵያ በ040 ይጀምራል። ታርጋውን የሚያሳያችሁ የመተግበሪያው መዝገብ ነው። አውሮፕላን አገር ቀይሮ መዝገቡ ካልታደሰ የተሳሳተ ወይም ባዶ ስም ታያላችሁ። ዝቅ ብሎ ተራራ ጀርባ ሲገባም ይጠፋል፣ ወድቆ አይደለም፣ ምልክቱ የሚሄደው በቀጥታ መስመር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ መጀመሪያ በዓይናችሁ ያነበባችሁትን ፊደል ጻፉ፣ ከዚያ ሰዓቱን፣ ከዚያ ስልኩ ያለውን። ሁለቱ ካልተስማሙ ስልኩን አትመኑ፣ ሻንሲውን ፈልጉ። ቦይንግ ላይ ስትሳፈሩ የፊት ግራ በር ፍሬም ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፣ ሰልፉ ቆም ሲል ጎንበስ ብላችሁ አንብቧት።