ፋፍሳ ሲሞላ አጎት ወላጅ አይሆንም

እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ክፍል አሜሪካ ለምትኖሩ፣ በተለይ ቤታችሁ ኮሌጅ የሚገባ ልጅ ላላችሁ ነው። የማወራው ስለ ፋፍሳ ነው፤ የፌዴራል መንግሥቱ ለኮሌጅ የሚሰጠው ገንዘብ የሚጠየቅበት ቅጽ። ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ላይ በነፃ ይሞላል። ክፈሉና ልሙላላችሁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ የይለፍ ቃላችሁ የሕግ ፊርማችሁ መሆኑን አስታውሱና ለማንም አትስጡ።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። የማይመለሰው ፔል ግራንት በ2025-26 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በነዋሪ ዋጋ ለሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ የትምህርቱን ክፍያ ሸፍኖ ለመጽሐፍም ይተርፋል። ታዲያ ይህን ገንዘብ ብዙ ልጆቻችን የሚያጡት የቤተሰቡ ገቢ በዝቶ አይመስለኝም። ቅጹ ስለ ቤተሰብ ያለው ሐሳብና የእኛ ቤት አኗኗር ስለማይገጥሙ ነው። ዛሬ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዲቪ ደርሶት በ19 ዓመቱ የመጣ ልጅ አስቡ። እናትና አባቱ ደሴ ናቸው፤ እሱ ሲልቨር ስፕሪንግ አጎቱ ቤት ይኖራል። የሚያበላውም የሚያስተኛውም አጎቱ ነው። ቅጹ የወላጅ ገቢ ሲጠይቅ የአጎትየውን ያስገባል፤ በእኛ ቤት ደንብ ሌላ ማንን ያስገባ? ለፋፍሳ ግን ወላጅ ማለት የወለደ፣ በሕግ በጉዲፈቻ የወሰደ፣ ወይም ወላጁን ያገባ የእንጀራ አባት ወይም እናት ብቻ ነው። አጎት፣ አክስት፣ አያት፣ ታላቅ ወንድም አይቆጠሩም። አጎትየው በሚኖሩበት ስቴት ፍርድ ቤት ሕጋዊ አሳዳጊ ሆኖ ከተሾመ እንኳ ወላጅ አይሆንም፤ ይልቁንስ ተማሪው ራሱን የቻለ ተብሎ የወላጅ ገቢ ሳይጠየቅ ያልፋል። ከኢትዮጵያ የመጣ ውክልና ወይም ኖተሪ የመታው ደብዳቤ ግን ይህን አያደርግም።

ራሱን የቻለ የሚባለው ማን ነው? ዕድሜው 24 የደረሰ (ለ2026-27 ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት የተወለደ)፣ ያገባ፣ የሚያስተዳድረው ልጅ ያለው፣ ከ13 ዓመቱ ወዲህ ሁለቱንም ወላጆቹን በሞት ያጣ፤ ሌሎችም ጥቂት አሉ። ልጁ ራሱ ሠርቶ የቤት ኪራይ መክፈሉ፣ የራሱን ታክስ ፋይል ማድረጉ፣ ወላጆቹ አምስት ሳንቲም አለመላካቸው ግን ራሱን የቻለ አያሰኘውም። ልጆቹን በጣም የሚያናድዳቸው ይህ ነው፤ እውነታቸውንም ነው።

እንግዲህ የደሴው አባት በቅጹ መግባት አለባቸው ማለት ነው። ይቻላል። አሜሪካን ረግጠው የማያውቁ፣ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) የሌላቸው ወላጅም ስቱደንት ኤይድ ላይ ሶሻል የለኝም የሚለውን መርጠው የራሳቸውን አካውንት ይከፍታሉ። ልጁ በኢሜይል ግብዣ ይልክላቸዋል፤ ገብተው የራሳቸውን ክፍል ሞልተው ይፈርማሉ። አንድ ኢሜይል ለሁለት ሰው አይሠራም፤ ልጁ በራሱ ኢሜይል የአባቱን አካውንት ለመክፈት ቢሞክር እዚያው ይቆማል።

ቀጥሎ ያለውን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ቅጹ የታክስ መረጃ ከአይ አር ኤስ፣ ማለትም ከአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት፣ እንዲመጣ ፈቃድ ይጠይቃል። አባትየው «እኔ ለአሜሪካ ግብር ከፍዬ አላውቅ፣ ምን አገባኝ» ብለው ቢዘሉት ወይም አልፈቅድም ቢሉ፣ ልጁ ፔልም የፌዴራል ሎንም (ብድርም) አያገኝም። የሚመጣ መረጃ ባይኖርም ፈቃዱ የግድ ነው። ከዚያ የኢትዮጵያውን ገቢ በእጅ ያስገባሉ። ለ2026-27 የሚጠየቀው የ2024 ገቢ ነው፤ ብሩ ወደ ዶላር የሚቀየረው ግን ቅጹ በሚሞላበት ቀን ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በድሮው ምንዛሪ አስልቶ የሚያስገባ ሰው የአባቱን ገቢ በከንቱ ከፍ ያደርጋል።

ወላጆቹ የት እንዳሉ የማይታወቅ፣ ወይም ከእነሱ ጋር መገናኘት ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስደተኛ ሆኖ ብቻውን የገባ ልጅ፣ ቅጹ ላይ ልዩ ሁኔታ አለኝ የሚል ጥያቄ አለ። አዎ ካለ ያለ ወላጅ ያስገባዋል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ግን በማስረጃ የሚሰጠው የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ነው። ከቄስ፣ ከሶሻል ወርከር ወይም ከትምህርት ቤት አማካሪ ደብዳቤ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ነው።

እዚሁ ላሉ ወላጆች ነገሩ ይቀላል። ባልና ሚስት ታክስ አብረው ካስገቡ አንዳቸው ብቻ መግባት ይበቃቸዋል፤ ለየብቻ ካስገቡ ሁለቱም ይገባሉ። የባልና የሚስት የአባት ስም መለያየቱ ችግር የለውም። ችግር ያለው የተማሪው ስም ሶሻል ካርዱ ላይ ካለው ጋር ሲለያይ ነው። ሶሻል ካርዱ የአያቱን ስም የመጨረሻ አድርጎ ከጻፈ ፋፍሳውም እንደዚያው ይጻፍ። የልደት ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነ ተገልብጦ ገብቶ ከሆነ አይገጥምም።

የንብረት ጥያቄም አለ። የምትኖሩበት ቤትና የጡረታ ሂሳብ አይቆጠሩም። ባንክ ያለው ገንዘብ ይቆጠራል፤ አዲስ አበባ የተከራየው ኮንዶሚኒየምም ይቆጠራል። የሚጠየቀው ቅጹ በሚፈረምበት ቀን ያለው ነው፤ ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡ ባንክ ተኝቶ ሳለ ከፈረመ ሙሉው ይገባበታል። ሁሉም ሰው ግን ንብረት አይጠየቅም፤ ለምሳሌ በቅርብ ዓመታት ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ ያገኘ ቤተሰብ ይህን ክፍል ያልፈዋል። ለጎንደሯ እናት በየወሩ የሚላከው ገንዘብስ? እሳቸው አብረው ስለማይኖሩ በቤተሰብ ቁጥር አይገቡም። ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ማስተማርም እንደ ድሮው ስሌቱን አያቃልልም። ይህኛው ለውጥ በእኔ ግምት የእኛን ትልልቅ ቤተሰቦች ጎድቷል። ሥራ ከጠፋ ወይም የሕክምና ወጪ ከበዛ ግን ኮሌጁ ስሌቱን እንዲያሻሽል በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ ቅጹ የሁለት ዓመት በፊቱን ገቢ ስለሚያይ ይህ ብዙ ሰው ይጠቅማል።

ማን ብቁ ነው? ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለት። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለው ሰው የፌዴራሉን ገንዘብ አያገኝም። አንዳንድ ስቴቶች ግን የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ውስጥ ያላችሁ ጠይቁ። ሌላው ከአገር ቤት በዲግሪ የተመረቀ ሰው ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪም ዲግሪ ነው፤ ያለው ሰው እዚህ ከመጀመሪያው ቢጀምርም ፔል አይፈቀድለትም፤ ሎን ግን መጠየቅ ይችላል። ዲግሪውን ደብቆ ፔል የወሰደ ሰው ሲደረስበት ይመልሳል፤ ነገሩም ከመመለስ ሊያልፍ ይችላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቅጹ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። የፌዴራሉ መዝጊያ ሩቅ ነው፤ የስቴቶቹ ግን ቅርብ ነው። ሜሪላንድ ማርች 1፣ ካሊፎርኒያ ማርች 2 አካባቢ። ጁላይ ላይ የሞላ ልጅ ፔሉን ያገኛል፤ የስቴቱ ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ ያልፈዋል።

ገንዘቡ ከመጣም በኋላ ሊሄድ ይችላል። 12 ክሬዲት ሙሉ ፔል ነው፤ 9 ከሆነ 75 በመቶ፣ 6 ከሆነ ግማሽ። የሚያስደነግጠው ደግሞ ሴሚስተር መሀል ላይ ሁሉንም ክላስ መጣል ነው። የሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ የወጣ ተማሪ ገንዘቡ የእሱ የሚሆነው በተማረው ቀን ልክ ብቻ ነው። በ30 በመቶው ላይ ወጣ እንበል፤ ለሴሚስተሩ ከፍተኛውን፣ 3,697 ዶላር ገደማ አግኝቶ ነበር፤ ክፍያው 2,000 ዶላር ነው። ኮሌጁ የክፍያውን 70 በመቶ፣ 1,400 ዶላር ለመንግሥት ይመልሳል፤ ያንኑ 1,400 ዶላር ደግሞ ከተማሪው ይጠይቃል። ካልተከፈለ ብዙ ኮሌጅ ቀጣዩን ሴሚስተር አያስመዘግብም፤ ዕዳውን ለሰብሳቢ ድርጅት የሚያስተላልፍም አለ። ሳይናገር የቀረና በሁሉም ክላስ ኤፍ ያገኘ ልጅም ከዚህ አያመልጥም፤ ኮሌጁ መቼ መምጣት እንዳቆመ አጣርቶ ያንኑ ስሌት ሊሠራበት ይችላል።

ስለዚህ ልጃችሁ የሌሊት ሥራ በዝቶበት ክላስ ልጣል ሲል፣ መጀመሪያ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዶ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ የሴሚስተሩ 60 በመቶ የሚያልፈው በየትኛው ቀን ነው፣ ዛሬ ብወጣ ስንት ትጠይቁኛላችሁ? መልሱን በኢሜይል ይላኩለት። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሎኑ እናወራለን፤ በሰላም ቆዩኝ።