ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ጣውላ ማውጣት

(ምስል፦ ከመራዊ ወደ ዳንግላ የሚወስደው መንገድ፤ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ባሕር ዛፉንም ያውቀዋል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ዛሬ የጎጃም ገበሬ ጥሪት ነው። አጣና እያለ በቁሙ ይሸጣል፣ መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ከዚያ እኛው ቤት ስንሠራ ጣውላና ሞራሌ ከከተማ በውድ እንገዛለን። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ከጓሮዬ ጥግ ትንሽ መሰንጠቂያ የተከልሁትም ለዚህ ነው።

(ምስል፦ የሞተር መጋዝ ከብረት መምሪያው ጋር)

በሁለት መንገድ መጀመር ይቻላል። አንዱ የሞተር መጋዝን በብረት መምሪያ አስሮ ግንዱን ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ዛፉ የወደቀበት ድረስ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ሁለተኛው ባንድ ሶ ነው። ግንዱ ሐዲድ ላይ ይተኛል፣ ቀጭኑ ስለት እየተሽከረከረ ይሰነጥቀዋል።

ልዩነታቸው የሚታየው መጋዙ በሚበላው እንጨት ላይ ነው። የሞተር መጋዝ በአንድ ቁርጥ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ያደርጋል። ባንድ ሶ የሚበላው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እስቲ እናስላው። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ አራት ማዕዘን ሲደረግ 20 በ20 ይወጣዋል። ከዚህ ላይ 28 ሚሊ ሜትር ጣውላ ብናወጣ፣ በሞተር መጋዝ አምስት፣ በባንድ ሶ ስድስት እናገኛለን። ልዩነቱ ከየግንዱ አንድ ጣውላ ማለት ነው። ለራሱ ቤት ብቻ ለሚሰነጥቅ ሰው ግን የሞተር መጋዙ ይበቃል ባይ ነኝ።

28 ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። 25 የምትፈልጉ ከሆነ ለመድረቂያና ለመላጊያ 3 ሚሊ ሜትር ጨምሩ።

(ምስል፦ ተሰንጥቆ እንደ ቀስት የጎበጠ ጣውላ)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባሕር ዛፍ ውጥረት ያለበት ዛፍ ነው። የግንዱ ውጨኛ ክፍል እንደ ክራር ክር ከላይ ወደ ታች ተወጥሯል፣ ውስጡ ደግሞ ተጨምቋል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሁለቱ ተመዛዝነው ይኖራሉ። መጋዝ ሲገባበት ክሩ ይላላል። ጣውላው ዐይናችሁ እያየ ይጎብጣል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው በዚህ ተናዶ «ባሕር ዛፍ ለማገዶ እንጂ ለጣውላ አይሆንም» ይላል። ይሆናል! አሰነጣጠቁን ማወቅ ነው የሚፈልገው።

ከአንድ ጎን ብቻ እየገፈፋችሁ አትሂዱ። አንድ ጎን ቁረጡ፣ ግንዱን ገልብጡት፣ ትይዩውን ጎን ቁረጡ። ከዚያም ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ እያላችሁ ወደ መሃል ግቡ። እንዲህ ሲሆን ውጥረቱ ከሁለቱም ወገን እኩል ይለቃል። እምብርቱን፣ ማለትም የግንዱን መሃል፣ ጣውላ አታድርጉት፤ መሰንጠቁ አይቀርም። ወፍራም ሞራሌ አድርጋችሁ እምብርቱን መሃል ላይ ተዉት።

ግንዱን 2 ሜትር ተኩል አካባቢ ቁረጡት፤ ረጅም ግንድ ጉብጠቱም ይብሳል። ዛፉ በወደቀ በቀናት ውስጥ ሰንጥቁት። ጫፎቹን ወዲያው በዘይት ቀለም ወይም በቀለጠ ሰም ቀቧቸው። ሰም እንደሆነ ጎጃም አይቸግርም። ውሃ በጫፉ በኩል ፈጥኖ ይወጣል፤ ጫፉ ቀድሞ ሲደርቅ ነው የሚተረተረው።

አደራ፣ ጋቢ ለብሳችሁ መጋዝ አጠገብ አትቁሙ። ልጆችንም አርቁ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ሳታደርጉ ሞተሩን አታስነሡ።

ስለ ዛፍ ዓይነት ባጭሩ። ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ ለጀማሪ ይቀላሉ። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ግን ሕግ የሚጠብቃቸው ዛፎች ናቸው። መሬታችሁ ላይ ቢኖርም ምሳር ከማንሳታችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ።

(ምስል፦ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የተከመረ ጣውላ)

የመጀመሪያ ጣውላዬን የሰነጠቅሁት ሐምሌ ላይ ነው። ደስታው ራሱ! አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ ግድግዳ ጥግ ከመርሁት። ጳጉሜን ላይ ስገልጠው ሻግቶ ጠቁሯል፣ ግማሹም እንደ ገመድ ተጠማዟል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አይተው፣ «ልጄ፣ እንጨትም ይተነፍሳል እኮ» አሉኝ። ያን ቀን በጣም አዘንሁ። የተበላሸው አባቴ የተከሉት ዛፍ ነበር።

አሁን የምሰነጥቀው ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ደርድሬ ክምሩን ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ፤ ምስጥና እርጥበት እንዳያገኘው። በየጣውላው መካከል የደረቀ ቀጭን እንጨት በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አጋድማለሁ። እነዚህ ቀጫጭኖች ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ከመስመር የወጣ ካለ ጣውላው እዚያ ላይ ይጎብጣል። ከላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ከባድ ድንጋይ። ነፋስ በጎን ይለፍ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይምታው። ባሕር ዛፍ ቸኩሎ ከደረቀ ይሰነጠቃልና፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎኑን በጆንያ እጋርደዋለሁ።

መድረቁን በምን ታውቃለህ ትሉኝ ይሆናል። በሚዛን! ከክምሩ አንድ ጣውላ ምልክት አድርጌ በየሳምንቱ እመዝናለሁ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

(ምስል፦ ሚዛን ላይ የተጋደመ ጣውላ)

ይህ ጥቅምት ላይ 15 ኪሎ ነበር። አሁን ግንቦት ገብቷል፣ 10 ኪሎ ነው። ባለፈው ሳምንት 10፣ ከዚያ በፊት በነበረውም 10። ነገ ክምሩን እፈታለሁ። ከዚህ የሚወጣው የእናቴ ቤት በር ነው።